የቀይዋ ሞተር ይጠገን ወይስ ይቀየር

ሹፌር ስለሆንሁ ገጠመኝ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የገደል፣ የሽፍታና የፍሬን መበጠስ ወሬ ይጠብቃል። እሱማ ሞልቶኛል። እኔን ሌላ ሰው ያደረገኝ ነገር ግን የደረሰው መኪናዋ ቆማ፣ አንድ ስንዝር ሳትንቀሳቀስ፣ በእናቴ ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። ሞተር የማታውቁ ብትሆኑም አይከብዳችሁም፤ እኔም ያኔ ከመንዳት በቀር ብዙ አላውቅም ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ከመጣ ወዲህ። ስሜ ሞላ ይባላል። ላሊበላ ውስጥ የገበሬዎች አገልግሎት ማኅበር ንብረት የሆነች አንዲት አሮጌ ፒካፕ እነዳ ነበር። አገሬው «ቀይዋ» ይላታል። እኔ ስረከባት ቀይነቷ የሚታየው በሯን ከፍታችሁ ከውስጥ ስታዩ ብቻ ነበር። ጨው፣ ማዳበሪያ፣ እህል፣ በሽተኛ፣ ሙሽራ ጭኜ ወልድያ እመላለሳለሁ። ጉረኛ ነበርሁ፣ ምን ይደበቃል። በዚያ አገር መሪ የጨበጠ ሰው እንደ ደጃዝማች ነው፤ ቄሶቹ ሳይቀሩ ጋቢና ቦታ እንድይዝላቸው «ሞላ የኔ ልጅ» ይሉኛል። ቁጣዬም አፍንጫዬ ላይ ነበረች።

ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ በእኔ አልወጣም። ልጅ ሆኖ ዲቁና ተቀበለ፤ ኋላ ደሴ አጎታችን ዘንድ ሄዶ ጋራዥ ሲሠራ ቆይቶ መካኒክ ሆኖ ተመለሰ። ሲናገር ጆሮ አስጠግታችሁ ነው የምትሰሙት። ሞተር ሲፈታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እያበሰ ነጭ ጨርቅ ላይ ይደረድራል። እኔም «እንግዲህ ቀድስበት» እያልሁ አሾፍበታለሁ፤ እሱ ዝም ነው።

እናታችን ከሁለታችን በቀር ሌላ ልጅ የላትም። ስሟ ጥሩወርቅ ነው፤ ሰፈሩ «እማማ ጥሩ» ይላታል። ቆራቢ ናት። በሐሰት ከምትምል ምላሷን ብታጣ የምትመርጥ ሴት ነበረች። ሰው ሲጣላ እንኳ «እማማ ጥሩ የሰሙት ካለ እሱ ይሁን» ይባላል።

ከውትድርና ያተረፈችን ቀይዋ ናት። ቀበሌው ይህን ያህል ወጣት አምጣ ሲባል የእኔና የደሳለኝ ስም «ሹፌርና መካኒክ ለማኅበሩ ሥራ ያስፈልጋሉ» ተብሎ ይታለፋል። መኪናዋ እስከሄደች ድረስ ቤታችን እናድራለን። ከቆመች ግን መድረሻችን የሰሜን ጦር ግንባር ነው፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው ደግሞ በሰፈራችን ገና አላየንም። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው ነገሩ። ከወልድያ ጨው ጭኜ ስመለስ፣ ገነተ ማርያምን አልፌ ዳገቱን ስጀምር፣ መጀመሪያ የሚያቃጥል ሽታ መጣብኝ። የሙቀት መለኪያዋ እኔ ሳልረከባት በፊት የሞተ ስለነበረ ምንም አልነገረኝም። ቀጥሎ ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጭስ ወጣ። ከዚያ መዶሻ የሚመስል ድምፅ አሰማችና ቀጥ አለች።

ገበሬዎቹ በሬ ጠምደው ጎተቱልኝ። አንዱ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው «ሞላ፣ ሞፈር ይጨመርልህ?» እያሉ ሰዉን ያስቃሉ። እኔ ሳቅ የለኝም። መሪ ይዤ፣ ከበሬ ቂጥ ኋላ፣ እንደሚጎተት ሬሳ ላሊበላ ገባሁ። እናቴ ግቢ አስገባናት።

ደሳለኝ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ቆየ። የዘይት መለኪያውን መዘዘና ሳይናገር አሳየኝ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ውሃው ዘይቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በማግስቱ ሲፈታት ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ በሙቀት ተጣሟል፤ ከሥሩ የሚነጠፈው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም፣ ተቃጥሏል። ራዲያተሩን ሲገለብጠው ደግሞ ጭቃ ወጣ፤ ነጣ ያለ፣ ወፍራም ጭቃ። እሱ ነው መተላለፊያውን ደፍኖ ያፈላት። እኔ «የወንዝ ውሃ ነዋ የማጠጣት» አልሁ። ደሳለኝ ጭቃውን በጣቶቹ መሀል አሸት አደረገና «የወንዝ እንዲህ አይልምም» አለ። ጣሳ ውስጥ አስቀመጠው፤ ምንም መጣል አይወድም።

ከዚያ ክርክራችን ተጀመረ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ በታች፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ፒካፕ ተገልብጣ ቀርታለች። የቀይዋ አምሳያ ናት። ሞተሯ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ የለም፤ ግን ሞተር ነው። እኔ በገመድ እናውጣውና እንቀይረው አልሁ። ደሳለኝ አይሆንም አለ። የመንግሥት ንብረት ነው፤ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ኬላ ላይ ኮፈን ከፍተው ቁጥር ያነባሉ። የተገኘብን ቀን በሌብነት ብቻ ቢያስሩን ዕድለኞች ነን።

«ያንተ ጥገና ዳገት ላይ ቢፈነዳስ?» አልሁት።

«ቢፈነዳ የራሳችን ሞተር ነው የፈነዳው» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህን ያህል መውጣቱ ራሱ ብዙ ነው።

ተጯጯህን ልላችሁ ነበር፤ የጮህሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ እያልን ሳለን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አበራ መጣ። አበራ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እናቴ ቤት ስንቴ በልቷል። ካኪውን ከለበሰ ወዲህ ግን ሲያወራ ከላያችሁ አሻግሮ ነው የሚያይ። የተፈታውን ሞተር አየና የመጣበትን ተናገረ። ቅዳሜ ምልምሎቹ ወልድያ መድረስ አለባቸው፤ የሚሄዱት በቀይዋ ነው። ከተነሳች ተነሳች። ካልተነሳች፣ ሹፌርና መካኒክ ያለ መኪና ምን ይሠራሉ? አብረን እንሄዳለን። ይህን ሲል እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ደና ዋሉ ብሏት ወጣ።

ክርክሩ በዚያው አለቀ። ገደል ወርዶ ሌላ ሞተር ማውጣት እስከ ቅዳሜ አይደርስም። ደሳለኝ ከድሮው ሆቴል አንድ ወፍራም የጠረጴዛ መስተዋት ለምኖ አመጣ። መስተዋቱ ላይ ደቃቅ አሸዋና ዘይት አድርጎ የተጣመመውን ራስ እያዞረ ይፈጨው ጀመር። እኔም አገዝሁት። ክንዴ እስኪደነዝዝ እፈጫለሁ፤ እሱ ጥላሸት ቀብቶ ይለካና «ገና ነው» ይላል፤ ደግሞ እፈጫለሁ። ጓርኒሲዮኑን ከአሮጌ ዕቃ መሀል አገኘ፤ እሱንም በብር ቀለም ቀባው። ራዲያተሩን አጥቦ አጥቦ ውሃ እንደ ምንጭ እንዲወርድበት አደረገ። እናቴ ቆሎ አምጥታ ትሰጠናለች፤ ቀይዋን ታያትና ከንፈሯን እየመጠጠች ትመለሳለች። ለእኛ ተጨንቃ ነው ብዬ አሰብሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሊገጣጠም ትንሽ ሲቀረው ዘይት ልጠይቅ ቀበሌ ሄድሁ። አበራ ወረዳ ስብሰባ ሊሄድ በቅሎው ተጭኖለታል። ትነሣለች ወይ አለኝ። ተስፋ አለ አልሁት፤ እንዲያውም ጎረርሁ። ደስ አለውና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

«አንተ አትስጋ። ያለ ሹፌር መኪና አይሄድም» አለ። «ደሳለኝን ግን መኪናዋ ከተነሳች ምን ብዬ አስቀምጠዋለሁ? ኮታው በአንድ ሰው ጎድሎብኛል።»

እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። ያን ቀን እግዜር ይስጠውና ምላሴ ቶሎ አልተሳሰረም። ጥገናው እንቢ ቢለን፣ ከገደሉ ያለውን ሞተር መቀየር ግድ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅሁት።

«ያማ ሌላ ነገር ነው። ወረዳን አስፈቅጄ በማኅተም እሰጣችኋለሁ። ያን ጊዜ መካኒክ ያስፈልገኛል፤ ያለ እሱ ማን ይቀይረዋል? ግን ትጠገናለች ብላችኋል» አለና በቅሎው ላይ ወጣ።

ዘይቱን ይዤ ስመለስ መንገዱ አልታየኝም። እስቲ አስቡት። መኪናዋ ከተነሳች ወንድሜ ይሄዳል፤ እኔው ጭኜ አደርሰዋለሁ። ሞታ ከቀረች ሁለታችንም እንሄዳለን። ሁለታችንም የምንተርፈው አበራ ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ «ሞተሩ ይቀየር» ካለ ብቻ ነው። እኔ ስጮህለት የከረምሁት መቀየር አሁን መዳኛችን ሆነ፤ ደሳለኝ ክንዱን የጨረሰበት ጥገና ደግሞ ለራሱ ገመድ ሆነበት።

ቤት ስደርስ ሞተሩ ተገጥሟል። ደሳለኝ እጁን እያበሰ ቆሟል። የሆነውን ነገርሁት። ብሎኖቹ የነበሩበትን ባዶ ጨርቅ አየና አጣጠፈው።

«እሺ፣ አልተሠራም እንላለን» አለ። ደግሞ «አንድ ጊዜ ብቻ ልስማት» አለኝ።

ሌላ ቀን ቢሆን እገስጸው ነበር። ግን የሠራ ሰው የሠራውን መስማት ይፈልጋል፤ ደግሞ እኔም ክንዴን ሰጥቼበታለሁ። በዚያ ላይ ዕለቱ የአሸተን ማርያም በዓል ነው። እናቴም ከሌሊት ጀምራ ወጥታለች፤ ከተማው ባዶ ነው፤ አበራ ወረዳ ነው። ማን ይሰማናል?

ቁልፉን አዞርሁ። አንድ ጊዜ አጉረመረመች፤ ሁለተኛ ላይ ተነሳች። ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታዋ ገና አልታሰረምና ግቢውን አናወጠችው። ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ እጁን ሞተሩ ላይ አደረገ። ንጹሕ፣ አንድ ወጥ፣ ሳል የሌለበት ድምፅ ነው። እኔ በዚያች መኪና ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ ወንድሜ ጥርሱ ሲታይ ስንት ጊዜው ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ ተራራውን አየና ሳቁ ጠፋ።

«ሞላ፣ አጥፋት። ሰዉ ሁሉ ያለው እላይ ነው» አለ።

አጠፋሁ። ቤታችን የማርያም ገዳም ካለበት ከአሸተን ተራራ ግርጌ ነው። ድምፅ ደግሞ በዚያ ገደል ወደ ላይ ነው የሚሄድ፤ ከታች ያለ ሰው ሲያስነጥስ እላይ ያሉት መነኮሳት ይማርህ ይላሉ ይባላል። የከተማውን ጆሮ ሸሽተን ከተማው ሁሉ ተሰብስቦ ባለበት ተራራ ሥር ነው የጮህነው። በከተማው ያለች መኪና ደግሞ አንዷ ናት።

ደሳለኝ ትልቁን መፍቻ አነሳ። አንድ ምት ከመታት ውሸታችን እውነት ይሆናል። መፍቻውን ከፍ አደረገ፤ ቆየ፤ መልሶ አስቀመጠው። «አልችልም» አለ። እኔም አምጣ አላልሁትም። በምትኩ፣ እሳት ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ክዳን ሥር ያለችውን ትንሽ ቁራጭ ነቅሎ ኪሱ ከተታት። ያለ እሷ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም። ተቀመጥንና ጠበቅን። ሞተሩ እስኪበርድ ፈራሁ፤ ሰው ቢነካው ትኩሱ ያጋልጠናል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አበራ መጣ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ይዟል፤ አንዱን አላውቀውም፤ አንዱ አስማረ የሚባል የገነተ ማርያም ልጅ ነው፣ አንዳንዴ በመኪናዬ የምወስደው። አበራ ደኅና ዋላችሁም አላለን።

«አስነሳት» አለኝ።

አዞርሁ። ኧኧኧኧ አለች፣ አልተነሳችም። ደግሞ አለኝ፤ ደገምሁ። ደሳለኝ በዚያች ትንሽ ድምፁ ጥገናው አልያዘም፣ ሞተሩ መቀየር አለበት አለ። አበራ አሸተን ላይ ቅዳሴ ሲወጣ የቀይዋን ድምፅ የሰማ ሰው አለ አለን። ወደ አስማረ ዞረ፤ አስማረ ሕዝብ ጠብቅ ተብሎ እላይ ነው የዋለው። ሰምተሃል ወይ አለው።

«ከበሮው ብዙ ነበር ጓድ ሊቀመንበር። አልሰማሁም» አለ አስማረ። መሬት መሬት ነበር የሚያየው።

አበራ አላመነውም። ነገ ከወልድያ መካኒክ አስመጣለሁ አለ። ሞተሩ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ያኔ ስለ ዘመቻ አናወራም። ይህች «አሻጥር» የምትባል ቃል በዚያን ጊዜ ምን እንደምታመጣ የነበራችሁ ታውቃላችሁ፤ ያልነበራችሁ እንኳን አላወቃችሁ። የደሳለኝ እጅ ኪሱ ውስጥ ነው።

እናቴ በዚህ መሀል ገባች። ምርኩዟን ይዛ፣ ነጠላዋ አቧራ ለብሶ፣ የአሸተን ቁልቁለት ጉልበቷን አድክሞት። አበራ ካኪውን ረሳና ብድግ አለላት። ወንበር ሰጣት። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቃት።

«እማማ ጥሩ፣ እርስዎ ቆራቢ ነዎት፤ አይዋሹም። መኪናዋ ደኅና ከሆነች ደሳለኝ ቅዳሜ ይሄዳል፤ ሞላ ይነዳል። ደኅና ካልሆነች ሌላ ሞተር ይገባል። እላይ ሆነው ድምጿን ሰምተዋል?»

እናቴ መጀመሪያ ደሳለኝን አየችው። ቀጥላ እኔን። ምርኩዟን መሬት ላይ አስተኛች።

«ሰምቻለሁ» አለች።

አለቀልን አልሁ። ደሳለኝ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሰምቻለሁ። ሞተር ሲያጓራ ሰምቻለሁ፤ የደኅና ይሁን የበሽተኛ እኔ በምን አውቄው? አንተ የማታውቀውን ግን ልንገርህ አበራ። ያችን ሞተር ያበላሸኋት እኔ ነኝ።»

ቀጠለች። ባለፈው ክረምት ቀይዋ ገደል አፋፍ ላይ ተንሸራታ ለጥቂት ከተረፍሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ስለዚህ በየበዓሉ፣ እኔ ሳልነሣ፣ ከቤተ ክርስቲያን የምታመጣውን እምነት በጠበል እየበጠበጠች መኪናዋን ታጠጣት ነበር። እምነት ታውቃላችሁ፤ በሽተኛ ግንባሩን የሚቀባው የተባረከ አፈር ነው። ውሃ ሳስገባ እያየች የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ከእኔ ነው የተማረችው።

«ልጆቼን ገደል እንዳይበላብኝ ብዬ ነው» አለች። «አፈር መሆኑን አላሰብሁትም። ደሳለኝ ጭቃውን ሲያወጣ አውቄው ነበር፤ አፍሬ ዝም አልሁ። አሻጥር የምትለው ይህን ከሆነ ተነሥቻለሁ፣ ውሰደኝ።»

ደሳለኝ ቀስ ብሎ ሄዶ ጣሳውን አመጣ። አበራ ጣቱን ከተተ፣ አወጣ፣ አሸት አደረገው። ያ ነጣ ያለ ልም አፈር ምን እንደሆነ በዚያ አገር የማያውቅ የለም፤ የራሱ ሚስት ለልጇ ሆድ ቁርጠት የምትቀባው ነው። አስማረ ሳያስበው አማተበ። አበራ አየው፤ አስማረ እጁን አወረደ።

አበራ ጣቱን ሱሪው ላይ ሊጠርግ ብሎ ተወው። ዓይኑ ወዲያ ወዲህ አለ። ለወረዳ ምን ብሎ ይጽፋል? አንዲት አሮጊት በማርያም እምነት አሻጠረች ብሎ? ደግሞስ አፈር ስትጠጣ በከረመች ሞተር ሃያ ምናምን ሰው ጭኖ ያንን ገደል ሊያሻግር ነው?

«አፈር የበላ ሞተር ምኑ ይጠገናል! ይቀየር» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እማማ ጥሩ፣ ሁለተኛ እንዳያደርጉት» ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ምልምሎቹ በእግራቸው ሄዱ። እኛ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ማኅተም የተመታበት ፈቃድ ይዘን፣ የገደሉን ሞተር በገመድና በበሬ አወጣን። ከዚያ እኔና ወንድሜ፣ በገዛ እጃችን ያዳንነውን ደኅና ሞተር አውጥተን፣ ዝናብ ሲበላው የከረመ በሽተኛ ሞተር ገጠምን። ደሳለኝ ሲፈታው ብሎኖቹን እንደ ልማዱ እያበሰ ደረደረ። የወጣውን ቅባት ቀብቶ በጆንያ ጠቅልሎ እናቴ ጎተራ ውስጥ አስቀመጠው። አዲሱ ሞተር፣ አዲስ ከተባለ፣ ዳገት ባየ ቁጥር ይንተፋተፋል፤ ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋል። እኔን ማን ይሰድበኛል ስል የኖርሁት ሰውዬ ለዓመታት በየዳገቱ ተሰደብሁ።

ስድቡ ምንም አይደለም። በጎደለው ኮታ የሄደው አስማረ ነው።

አበራ ምክንያቱን አልተናገረም፤ ያቺ ማማተቡ ናት የሚሉ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ምልምሎቹ ሲያልፉ እናቴ ደጅ ወጥታ ነበር፤ ከመሀላቸው አየችው። ገባችና ምሳ አልበላም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአስማረን ስም ከእኛ ስም ቀጥላ ነው የምትጸልይ፤ ኋላማ አስቀደመችው። አንድ ቀን አልዋሸሽም እኮ ብላት «እውነት ስለተናገርሁ ያ ልጅ ቀረልኝ?» አለችኝ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አስማረ ተመለሰ። ከስቷል፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም። ገነተ ማርያም እናቱ ዘንድ ላደርሰው ጋቢና ከጎኔ አስቀመጥሁት። የማወራው ጠፍቶኝ ስለ ዝናብ አወራለሁ። እንደ ልማዷ ቀይዋ ዳገት ላይ ተንተፋተፈች፤ ሰው ወረደ፣ እሱም ወርዶ ገፋ። ስትነሳ ወደ መስኮቴ መጣና እያለከለከ፣

«ለመሆኑ ያንን ደኅናውን ሞተር የት አደረጋችሁት?» አለኝ።

ታውቅ ነበር ወይ አልሁት።

«አሸተን ላይ ከእናትህ ጎን ነበርሁ» አለ። «ሞተሩ ሲነሳ ልጆቼ ዳኑ ብላ እልል አለች። እጄን ይዛ ነው እልል ያለች። ያችን ሴት ወርጄ ምን ብዬ ላስለቅሳት?»

መኪናዋን አዙሬ በዚያው ወደ እናቴ ወሰድሁት። እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ቀድሞ ያዛት። ምን እንደተባባሉ አልነግራችሁም፤ እኔም ውጭ ነበርሁ። በሳምንቱ ደሳለኝ ጆንያውን ፈታ፤ ሦስታችን ሆነን ደኅናውን ሞተር መለስነው። ገመዱን የያዘው አስማረ ነበር፣ በግራ እጁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በፊት እኔ ሰው የሚተርፈው በብልጠቱ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አንድ ነገር ሲሳካልኝ፣ ከፈጣሪ ቀጥዬ፣ አይቶ ዝም ያለልኝ ማነው ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ። እናንተም ደኅና ውላችሁ የገባችሁበትን ቀን ካስታወሳችሁ፣ በዚያ ቀን አጠገባችሁ የነበረውን ሰው ጠይቁት። ምናልባት እስካሁን አልነገራችሁም ይሆናል።